የተውሶ መጋረጃ፤ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገቡ የሴተኛ አዳሪ ስሞች

እ.ኤ.አ. በ1853 ታናሹ አሌክሳንድር ዱማ የጻፈው «ባለ ካሜሊያዋ እመቤት» የተሰኘው ተውኔት በለንደን መድረክ እንዳይታይ ታገደ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ለሕዝብ የሚቀርብ ማንኛውም ተውኔት አስቀድሞ ሎርድ ቻምበርሌይን በሚባለው የቤተ መንግሥት ሹም ጽሕፈት ቤት መመርመር ነበረበትና፣ ሹሙ ፈቃዱን ከለከለ። የተውኔቱ ባለታሪክ በሀብታም ወንዶች ገንዘብ የምትኖርና በሳንባ ነቀርሳ የምትሞት የፓሪስ ወጣት ናት። ይሁንና ጣሊያናዊው የሙዚቃ ሊቅ ጁዜፔ ቬርዲ ያንኑ ታሪክ «ላ ትራቪያታ» ብሎ ወደ ኦፔራ ለውጦት ስለ ነበረ፣ በ1856 በዚያችው ከተማ በአንድ ታላቅ ትያትር ቤት በጣሊያንኛ ተዘፈነ። ጋዜጦች ቢቆጡም መኳንንቱና ከበርቴዎቹ ከነሚስቶቻቸው አዳራሹን ሞሉት፤ ሹሙም አልከለከለም። ሴትየዋ ያችው፣ በሽታዋ ያው፣ ሞቷም ያው ነው። የተለወጠው ቋንቋውና ዜማው ብቻ ነበር።

ይህ ትንሽ ታሪክ ከአንድ የትያትር ቤት ጉዳይ በላይ የሚያመለክተው ነገር አለ። የእንግሊዝ ከፍተኛ መደብ ሊያየው የሚወደውን፣ ነገር ግን በራሱ አፍ ሊጠራው የማይፈልገውን ነገር በባዕድ ቋንቋ መጋረድ ልማዱ ነበር። ከመጋረጃዎቹም ሁሉ በብዛት የተዋሰው ከፈረንሳይኛ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዝኛ ለዚህ ሥራ ቃል አጥቶ አልነበረም። «ሆር» የሚል ጥንታዊ ቃል አለው፤ ቃሉ ግን ስድብ ነው። ስድቡን በለዘበ ቃል መተካት የማንም ሕዝብ ጠባይ ነው፤ በእኛው አማርኛ «ሴተኛ አዳሪ» የሚለው አጠራር ራሱ የለዘበ ነው። ታሪክ የሚጀምረው ማለዘቢያው ከየት እንደ መጣ ሲጠየቅ ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከወረሩ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥት፣ የፍርድ ቤትና የገበታ ቋንቋ ሆነ። በሬው በመስክ ላይ ሳለ በእንግሊዝኛ ስሙ ይጠራል፤ ሥጋው በጌታው ማዕድ ላይ ሲቀርብ ግን የፈረንሳይኛ ስም ይሰጠዋል። ይህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ የተነገረ ቢሆንም ለያዝነው ጉዳይም ይሠራል። በጌታው እልፍኝ ውስጥ የሚገኝ ሁሉ፣ ሰውም ቢሆን፣ የፈረንሳይኛ ስም ያገኝ ነበር።

ከሁሉ የቆየው ሽፋን በመካከለኛው ዘመን የገባው ነው። «ኤስቱቭ» በጥንቱ ፈረንሳይኛ የሙቅ ውኃ መታጠቢያ ቤት ማለት ሲሆን፣ ወደ እንግሊዝኛ «ስቱ» ሆኖ ገብቶ የሴተኛ አዳሪዎች መኖሪያ ቤት መጠሪያ ሆነ። ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ በሳውዝዋርክ የነበሩት እነዚህ ቤቶች የተሠሩበት መሬት የዊንቸስተር ጳጳስ ግዛት ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ሴቶቹን ሕዝቡ «የዊንቸስተር ዝይዎች» ይላቸው ነበር። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1546 ቤቶቹን አዘጋቸው። ቃሉ ግን ሌላ ኑሮ አገኘ፤ ዛሬ እንግሊዛዊ «ስቱ» ሲል ወጥ ማለቱ ነው።

«ሃርለት» የሚለው ቃል ጉዞ ከዚህ ይበልጥ ያስገርማል። በጥንቱ ፈረንሳይኛ ሥራ ፈት፣ ዘዋሪ፣ ዋልጌ ማለት ነበር፤ የሚነገረውም ስለ ወንድ ነው። ባለቅኔው ቻውሰር በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ይህን ቃል የሰጠው ለቤተ ክህነት ፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሽ ለሆነ ወንድ ነው። ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ ሴት ዞረ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ሊቃውንት፣ የቀድሞው የዊክሊፍ ትርጉም «ሆር» ያለውን በብዙ ቦታ በ«ሃርለት» ተኩት፤ በዚያን ጊዜ ለጆሮ የሚለዝበው እሱ ነበርና። ዛሬ «ሃርለት» ራሱ ስድብ ነው። ትናንት ያለዘበው ቃል ነገ ሌላ ማለዘቢያ የሚያስፈልገው ስለሚሆን፣ ተዋሹ ወደ አበዳሪው ደጅ መመላለሱን አያቆምም።

«ኮርቲዛን» በ16ኛው መቶ ዓመት የገባ ነው። ከጣሊያንኛ ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ያለፈ ሲሆን፣ ሥረ መሠረቱ «የቤተ መንግሥት ሴት» ማለት ነው። የወንዱ ስም በዚያው በክብሩ ቆየ፤ የቤተ መንግሥት ባለሟል እስከ ዛሬ ባለሟል ነው። የሴቲቱ ስም ግን ብዙም ሳይቆይ ዋጋ ተተመነለት። ከአንድ ቤተ መንግሥት የወጡ ሁለት ቃላት በጾታ ምክንያት እንደዚህ ተለያዩ።

በ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ባላባት ልጅ ትምህርቱን የሚጨርሰው በአውሮፓ በመዞር ነበር፤ የዙሩም መጀመሪያ ፓሪስ ነበረች። ወጣቱ ሲመለስ ሐርና ሽቶ፣ ጭፈራና ቃላት ይዞ ይመጣል። «ፊይ ደ ዧ»፣ ማለትም «የደስታ ልጅ»፣ የሚለው አጠራር በእንግሊዝኛ ጽሑፎች የታየው በዚህ መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ደስታው የማን እንደ ሆነ ስሙ አይናገርም። ታሪክ ጸሐፊው ኤድዋርድ ጊበን ስለ ሮማ መንግሥት ውድቀት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ነውረኛ የሆነውን ሁሉ በግርጌ ማስታወሻ በላቲንና በግሪክ ቋንቋ ትቶት፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፌ ንጹሕ ነው ብሎ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ተመጻድቋል። ለሊቅ ላቲን፣ ለመኰንን ፈረንሳይኛ እንደ ማለት ነው። እንግሊዞች ራሳቸውም ከመጋረጃው ቁራጭ እየቀደዱ መስፋት ጀምረው ነበር። ሄንሪ ፊልዲንግ በ1749 ባሳተመው «ቶም ጆንስ» ውስጥ «ዴሚ-ሬፕ» የሚል ቃል ይገኛል፤ የፈረንሳይኛውን «ግማሽ» ከእንግሊዝኛው «መልካም ስም» ቁራጭ ጋር አጋብቶ የተሠራ ሲሆን፣ ግማሽ ክብር የቀራት ሴት እንደ ማለት ነው።

«ግሪዜት» የሚለው ስም የተገኘው ከጨርቅ ነው። «ግሪ» ግራጫ ማለት ሲሆን፣ የፓሪስ ሠራተኛ ሴቶች የሚለብሱት ርካሽ ግራጫ ጨርቅ ለለባሽዋ ስሙን አወረሳት። ግሪዜት ልብስ ሰፊ፣ ባርኔጣ ሠሪ ወይም የሱቅ ሻጭ ናት። ሎሬንስ ስተርን በ1768 ባሳተመው የፈረንሳይ ጉዞ ድርሰት ውስጥ ተጓዡ እንግሊዛዊ ጓንት ሻጭ የሆነች አንዲት ግሪዜት ሱቅ ገብቶ የእጇን የደም ትርታ ይቆጥራል፤ ጓንትም ይገዛል። ሴቲቱ ባለትዳርና ነጋዴ ናት፤ በሠራችውም ነውር የለም። ነውሩን ቀስ በቀስ የጨመሩበት አንባቢዎቹ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት ደመወዟ ለኪራይና ለማገዶ የማይበቃት ልብስ ሰፊ ከተማሪ ጋር መኖሯ የታወቀ የድርሰት ርእስ ሆነና፣ ግሪዜት ማለት ያለ ጋብቻ የምትወደድ፣ ተማሪው ተመርቆ ወደ አባቱ ቤት ሲመለስም የምትረሳ ልጅ ማለት ሆነ። የጉልበት ሥራዋን የሚያመለክተው ግራጫው ጨርቅ ከቃሉ ውስጥ ጠፋ።

ከእርሷ አንድ ደረጃ ከፍ የምትለው «ሎሬት» ነበረች። (ይህ ስም ለባለቅኔ ከሚሰጠው የክብር ማዕረግ ጋር ዝምድና የለውም፤ የድምፅ መገጣጠም ብቻ ነው።) በፓሪስ ሰሜናዊ ክፍል የኖትር ዳም ደ ሎሬት ቤተ ክርስቲያን በ1836 ተሠርቶ ሲያልቅ በዙሪያው ብዙ አዳዲስ ቤቶች ተሠሩ። የአዳዲሶቹ ቤቶች ልስን ገና እርጥብ ስለ ነበረ ጨዋ ተከራይ አይገባባቸውም፤ ስለዚህ ባለቤቶቹ ግድግዳው እስኪደርቅ ድረስ በሀብታም ወንዶች ለሚደጐሙ ሴቶች በርካሽ ያከራዩ እንደ ነበረ ይነገራል። ግድግዳው በሴቶቹ ምድጃ ሲደርቅ የኪራዩ ዋጋ ይወጣል፤ እነርሱም ይወጣሉ። ኔስቶር ሮክፕላን የተባለ ጋዜጠኛ በ1841 ግድም በቤተ ክርስቲያኑ ስም «ሎሬት» አላቸው፤ ሠዓሊው ጋቫርኒም በተከታታይ ሥዕሎቹ ስሙን በከተማው አዳረሰው። ባልዛክ ይህን ቃል ያነሣው በቀልድ ነው፤ የአካዳሚው አርባ አባላት ዕድሜያቸው የገፋ ስለ ሆነ ትርጉሙን ሳይሰጡት ቀሩ ሲል ያሾፍባቸዋል። ቃሉ ከሥዕሎቹ ጋር ባሕሩን ተሻግሮ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ስም ለዚህ መዋሉ ግን ለፕሮቴስታንቱ የለንደን አንባቢ እምብዛም የተሰማው አይመስልም።

በዘመናት ሁሉ ከፍተኛውን ዕድል ያገኘው ቃል ግን «ዴሚ-ሞንድ»፣ ግማሽ ዓለም፣ የሚለው ነው። የቃሉ አባት በመጀመሪያ ያነሣነው ዱማ ነው። ዱማ በ1824 የተወለደው ከታላቁ ደራሲ ከአሌክሳንድር ዱማና ካትሪን ላቤ ከምትባል ልብስ ሰፊ ያለ ጋብቻ ነበር። በዚያው በ1824 በኖርማንዲ ገጠር አልፎንሲን ፕሌሲ የምትባል ልጅ ተወለደች። ልጅቱ ገና በልጅነቷ ወደ ፓሪስ መጥታ በልብስ አጣቢነትና በባርኔጣ ሥራ ኖረች፤ ማንበብ የተማረችው አድጋ ነው፤ ስሟንም ማሪ ዱፕሌሲ ብላ ለወጠች። ወጣቱ ዱማ ለአንድ ዓመት ያህል ወዳጇ ነበር። በየካቲት 1847 በ23 ዓመቷ ስትሞት ዕቃዋ ለባለዕዳዎች ክፍያ በጨረታ ተሸጠ፤ ብዙ የፓሪስ ጨዋ ሴቶችም መኝታ ቤቷን ለማየት ጐረፉ። የባለ ካሜሊያዋ እመቤት ልብ ወለድ በሚቀጥለው ዓመት ታተመ።

ዱማ በ1855 «ዴሚ-ሞንድ» የሚለውን ተውኔቱን ሲያቀርብ ስለ ማሪ ዱፕሌሲ ዓይነቷ ሴት መጻፉ አልነበረም። በተውኔቱ ውስጥ አንድ ሰው ነገሩን በኮክ ምሳሌ ያስረዳል። በፍራፍሬ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ሁለት ቅርጫት ኮክ አለ፤ ሁለቱም ያምራሉ፤ አንደኛው ግን ረክሶ ይሸጣል። ምክንያቱ ሲመረመር በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ትገኛለች። ግማሹ ዓለም ይህ ርካሹ ቅርጫት ነው፤ በጥሩ ቤት ተወልደው፣ አግብተው፣ ከዚያም በአንድ ስሕተት ወይም በአንድ ሐሜት ከጨዋው ዓለም የተባረሩ ሴቶች ማኅበር ማለት ነው። ደራሲው ይህን ዓለም ከአንድ ወገን ከታማኝ ሚስቶች፣ ከሌላው ወገን ደግሞ ለገንዘብ ከሚኖሩት ሴቶች በጥንቃቄ ለይቶት ነበር።

ጥንቃቄው ከንቱ ሆነ። የፓሪስ ጋዜጦች፣ ከእነርሱም በኋላ የለንደኖቹ፣ ቃሉን ለገንዘብ ለሚኖሩት ሴቶች ሰጡት። ዱማ በ1868 የተውኔቶቹን ስብስብ ሲያሳትም፣ ለመጪዎቹ መዝገበ ቃላት እንዲሆን በማለት ትክክለኛውን ትርጉም በመቅድሙ ላይ ቢያስቀምጥም የሚሰማው አላገኘም። ይህ የደራሲው ቅሬታ ተገቢ ቢሆንም የቃሉን ዕድል የሚወስነው ፈጣሪው አይደለም። የዘመኑ ከበርቴ ይፈልግ የነበረው በሠረገላ ተቀምጣ በሃይድ ፓርክ የምታልፈውን፣ ልብሷን ሚስቱ የምትቀዳላትን፣ ነገር ግን ሰላምታ የማይሰጣትን ሴት የሚጠራበት ስም ነበር። «ግማሽ ዓለም» ሥራዋን አይናገርም፤ ዋጋዋን አይናገርም፤ ከፋዩንም አይናገርም። የምትኖርበትን ስፍራ ብቻ፣ ያውም በካርታ ላይ የሌለውን፣ ይናገራል። ከዚህ የተሻለ መጋረጃ ሊገኝ አይችልም ነበር።

«ኮኮት» እና «ግራንድ ኦሪዞንታል» የሚሉት ከዚህ በኋላ የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ሕፃናት ዶሮን የሚጠሩበት ቃል ነው። ሁለተኛው «ታላቋ አግድም» ማለት ሲሆን ቀልድነቱ ግልጽ ስለ ሆነ ማብራሪያ አያሻውም። ይልቅስ ሊነገር የሚገባው፣ በዚህ ስም ከታወቁት የፓሪስ ሴቶች መካከል ዝነኛዋ ኮራ ፐርል እንግሊዛዊት መሆኗ ነው። የልደት ስሟ ኤማ ክራውች ሲሆን፣ አባቷ «ካትሊን ማቮርኒን» የተባለውን የታወቀ ዜማ የደረሰው ሙዚቀኛ ነው። በፓሪስ የሞርኒ መስፍንና የናፖሊዮን ሦስተኛ የአጎት ልጅ ወዳጆቿ ነበሩ፤ በ1867ም በኦፈንባክ ኦፔሬታ ውስጥ የፍቅር አምላክ ሆና መድረክ ላይ ወጥታለች። በ1886 በድህነት ሞተች። እንግሊዝ ሴቲቱን ወደ ፈረንሳይ ልካ ከፈረንሳይ ስሟን አስመጣች።

ከፓሪስ የመጣው ግን ቃል ብቻ አልነበረም፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ፓሪስ ሴተኛ አዳሪዎችን በፖሊስ መዝገብ አስገብታ፣ ካርድ ሰጥታ፣ በሐኪም ግዴታ የምታስመረምር ከተማ ነበረች። በመዝገቡ ላይ «የደስታ ልጅ» የሚባል የለም፤ ቃሉ «ፊይ ሱሚዝ»፣ ለሥርዓት የተገዛች ልጅ፣ ነው። ቀድሞ የከተማውን የፍሳሽ ቦዮች ያጠና የነበረው ሐኪም ፓራን-ዱሻትሌ መዝገቦቹን መርምሮ ሥራው በ1836 ታተመ። 5,183 ሴቶች ወደዚህ ኑሮ የገቡበትን ምክንያት በሠንጠረዥ አስቀምጧል። 1,441 የሚሆኑትን ያስገባቸው የከፋ ድህነት ነው። 1,255ቱ ወላጆቻቸው ሞተውባቸው ወይም ከቤት ተባረው፣ 1,425ቱ አብረዋቸው የኖሩት ወንዶች ጥለዋቸው፣ 289 የቤት ሠራተኞች ደግሞ አሳዳሪዎቻቸው ደፍረው ወይም አታልለው ካባረሯቸው በኋላ ነው። 37ቱ ሽማግሌና ሕመምተኛ ወላጆቻቸውን ለመጦር፣ 29ኙ ወላጅ የሌላቸውን ታናናሾቻቸውን ለማሳደግ፣ 23ቱም ባል የሌላቸው እናቶች ልጆቻቸውን ለመመገብ ገብተውበታል። በሠንጠረዡ ውስጥ ደስታ የሚል ረድፍ አይገኝም።

እንግሊዝ ይህን የመዝገብና የምርመራ ሥርዓት አርአያ አድርጋ በ1864 የተላላፊ በሽታዎች ሕግ አወጣች፤ በ1866ና በ1869ም አሰፋችው። ሕጉ የጦር ሰፈርና የባሕር ኃይል ወደብ በሆኑ ከተሞች ተራ ልብስ የለበሰ ፖሊስ የጠረጠራትን ሴት ለምርመራ እንዲያስገድዳት፣ ታማ ብትገኝም በሆስፒታል እንዲዘጋባት የሚፈቅድ ነበር፤ ወታደሩ ግን አይመረመርም። እነሆ፣ ቃላቱ ወደ ልብ ወለድና ወደ እልፍኝ ሲገቡ የፈረንሳይኛ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ነው፤ ሥርዓቱ ወደ ወደብ ከተማ ድሆች ሲገባ ግን እንግሊዝኛ ተናገረ። በሕጉ ፊት የቆመችው የፕሊመዝ ወይም የፖርትስመዝ ሴት ዴሚ-ሞንዴን ወይም ሎሬት አይደለችም። ስሟ ከ1824ቱ የባዘኑ ሰዎች ሕግ ጀምሮ የነበረው «ኮመን ፕሮስቲቲዩት»፣ የማንም የሆነች ሴተኛ አዳሪ፣ ነው። ሄንሪ ሜይሂው በ1849 «ሞርኒንግ ክሮኒክል» ለተባለው ጋዜጣ ያነጋገራቸው የለንደን ልብስ ሰፊዎች፣ የስፌት ደመወዛቸው ዳቦ ስለማይገዛ ወደ መንገድ እንደ ወጡ ነግረውታል። ኑሯቸው የግሪዜት ኑሮ ነበረ፤ ግሪዜት ብሎ የጠራቸው ግን የለም። በ1888 በዋይትቻፕል የተገደሉትን ድሆች ሴቶችም ጋዜጦቹ በተለመደው እንግሊዝኛ «ዕድለ ቢሶች» ነው ያሏቸው።

ስለ ወንዱስ? በሁለቱም መዝገበ ቃላት ከፋዩ የተከበረ ነው። ቤት ተከራይቶ ሴት የሚያኖረው ሰው በዘመኑ እንግሊዝኛ «ጠባቂ» ይባላል፤ ሴቲቱም «በእገሌ ጥበቃ ሥር ናት» ይባልላታል። ይህን ሚዛን በግልጽ የተቃወመችው ጆሴፊን በትለር ናት። ከ1869 ጀምሮ የሴቶች ማኅበር መርታ፣ ፍሎረንስ ናይቲንጌልንና ሃሪየት ማርቲኖን የመሳሰሉ ሴቶችም አብረዋት ፈርመው፣ አንዱን ወገን ብቻ የሚቀጣውን ሕግ ተከራከረች። ጨዋ ሴት በአደባባይ ልትጠራው የማይገባትን ነገር በተራ እንግሊዝኛ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ስለ ጠራችው ብዙ ተሰድባለች። ሕጉ በ1883 ታገደ፤ በ1886 ተሻረ።

በመድረክ ላይ መጋረጃውን የገፈፈው በርናርድ ሾው ነው። በ1893 የጻፈው «የወይዘሮ ዋረን ሙያ» በአውሮፓ ከተሞች የሴተኛ አዳሪ ቤቶች ስላሏት አንዲት ሴት የሚናገር ተውኔት ነው። የወይዘሮዋ እኅት በነጭ እርሳስ ፋብሪካ በትንሽ ደመወዝ ስትሠራ በመርዙ ሞታለች፤ ወይዘሮ ዋረን በፋብሪካውና በሙያዋ መካከል ምርጫዋን ያደረገችው ይህን አይታ ነው። ሾው ሙያውን በስሙ አይጠራውም፤ ግን በፈረንሳይኛ አላስዋበውም፣ በኦፔራ ዜማም አላጀበውም፤ በካሜሊያ አበባ ፈንታ የሂሳብ መዝገብ አስቀመጠ። የ1853ቱን ተውኔት የከለከለው ጽሕፈት ቤት ይህንንም ከለከለው። በ1902 በአንድ ክበብ ውስጥ ለአባላት ብቻ ታየ፤ በእንግሊዝ አገር ለሕዝብ የቀረበው በ1925 ነው።

ዴሚ-ሞንዴን፣ ኮኮትና ሎሬት ዛሬም በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ይገኛሉ፤ የሚያነሣቸው ግን በአብዛኛው የታሪክና የልብ ወለድ ጸሐፊ ነው። የሕጉ ቃል ከእነርሱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረ። «ኮመን ፕሮስቲቲዩት» የሚለው ስያሜ በ1959ኙ የመንገድ ወንጀሎች ሕግ ውስጥ እንደገና ተጽፎ፣ ሴቶችን በፍርድ ቤት ሲያስጠራ ቆይቶ፣ ፓርላማው በ2009 ባወጣው ሕግ ተሰረዘ። በቦታው የገባው ቃል «ሰው» የሚል ነው፤ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን ይላል ሕጉ።